በየብስ ላይ የቆመ ፋና

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በአንድ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ተርጓሚ ሳለሁ የገጠመኝ ነገር ዛሬም ሳስታውሰው ይከነክነኛል።

እንድተረጉም የተሰጠኝ ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሽር፣ ስለሚገኘው የደንስተን ዓምድ የሚያወሳ ነበር። ሰር ፍራንሲስ ዳሽዉድ በ1751 እ.ኤ.አ. ሲያሠራው፣ 28 ሜትር ገደማ በሚሆነው ማማ አናት ላይ ፋኖስ የተደረገው ለመርከብ ሳይሆን፣ ከሊንከን ከተማ በስተደቡብ ባለው ጠፍ ሜዳ ሲመሽባቸው መንገድ ጠፍቷቸው በቀማኞች እጅ ይወድቁ ለነበሩ መንገደኞች ነው። ሜዳው እየታጠረ እርሻ ሲሆን፣ መንገዱም ሲቀና፣ ፋናው ሥራ ፈታ፤ በ1810 በፋኖሱ ቦታ የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ሐውልት ቆመበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለጦር አውሮፕላኖች ያሰጋል ተብሎ ሐውልቱ ወረደ፣ ማማውም እንዲያጥር ተደረገ። መንገደኛ ሊያድን የተሠራ ግንብ በመጨረሻ እርሱ ራሱ አደጋ ተብሎ መቆረጡ ልቤን ስለነካው፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በዚያ አንቀጽ ላይ ደክሜያለሁ።

መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ «ጠፍ ሜዳ» ያልኩት «የባሕር ዳርቻ»፣ «መንገደኞች» ያልኩት «መርከበኞች» ሆኖ አገኘሁት። ቀማኞቹ ጭራሽ ወጥተዋል። ከግርጌው የእኔ ስም አለ።

ወደ ዋና አዘጋጁ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ እኔ የጻፍኩት እኮ ሜዳ ነበር» አልኳቸው።

«አቦ፣ ልጄ! ባሕር በሌለበት ፋና ምን ይሠራል? አንባቢ እንዳይስቅብህ አቃናሁልህ።»

«ታዲያ እዚሁ ከተማችን ያለው ደረቅ ወደብስ? ከባሕር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደብ ከተባለ፣ በየብስ ላይ ፋና ቢቆም ምን ያስገርማል?»

ጥቂት ዝም ብለው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ርዕሱን ማን ጻፈው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ርዕሱ «የደንስተን የባሕር ፋና» ይላል፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አንባቢው በቶሎ እንዲገባው ብዬ የለመደውን ስም መርጬ ነበር፤ «የመንገድ ፋና» ብል ኖሮ ነገሩ ባልተምታታ ነበር። በዚህ በኩል እውነት ነበራቸው። ሆኖም የእኔ ጠረጴዛ ከእርሳቸው አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር፤ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንዲት ጥያቄ ይበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግዳ የሆነ ነገር ስተረጉም፣ እንግዳነቱን ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እገልጻለሁ፤ ማረሚያ ቅጂውንም ሳላይ ስሜ እንዲወጣ አልፈቅድም።

ስለ ደንስተን ግን የተሰጠኝ እርማት በሚቀጥለው እትም፣ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ የወጣ አንድ መስመር ነው፤ «የባሕር ዳርቻ የሚለው ጠፍ ሜዳ ተብሎ ይነበብ» ይላል። መንገደኞቹ እስከ ዛሬ መርከበኞች እንደተባሉ ናቸው።