ትራንስፎርመር ኸርዝ አይነካም

ደንበኛችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ከሜሪላንድ የላከችላቸውን ፓዮኒር ፒኤል-12ዲ የሸክላ ማጫወቻ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሲያመጡት ሱቃችን ገና ፒያሳ ነበር። ዕቃው ንጹሕ ነው። የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ ሆኖ እንጨቱ ላይ ጭረት የለም፣ ክንዱ አይወላገድም። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ መርካቶ ወርደው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝተውለታል። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ "ድምፁ ለምን ደከመ?"

ሰካሁት። የብዙነሽ በቀለን 45 አስቀመጡበት፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ። ገና ሙዚቃው ሲገባ ነገሩ ገባኝ። ብዙነሽ ጉንፋን ይዟት ከእንቅልፏ የቀሰቀሷት ትመስላለች። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዝግ ብሏል። ፍጥነቱ ልክ አይደለም" አልኳቸው።

ዞረው እንኳ አላዩኝም። ዓይናቸውን ከሸክላው ሳይነቅሉ "አንተ ያኔ አልተወለድክም" አሉ። "እኔ ይህን ሸክላ ገና እንደወጣ ነው የገዛሁት። እንዲህ ነው የምትዘፍነው።"

ምን ይባላል? እውነት ነው፣ አልተወለድኩም። አለቃዬም ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ በዓይኑ "ተው" አለኝ። እሱ ዘንድ ደንበኛ ድምፅ ደከመብኝ ካለ ድምፅ ነው የሚሸጥለት፣ ክርክር አይደለም።

ጋሼ አማካሪም ነበራቸው። ዋሽንግተን የሚኖር የእህታቸው ልጅ በቴሌግራም ትእዛዝ ይልካል። ገንዘባቸው ጡረታ ስለሆነ ሁሉን በአንዴ መግዛት አይችሉም፤ ልጁም ተራ አውጥቶላቸዋል። መጀመሪያ መርፌ፣ ቀጥሎ ፎኖ የሚባለው የመርፌውን ድምፅ የሚያጎላ ሳጥን፣ ከዚያ ኬብል፣ መጨረሻ ላይ ስፒከር። ምንም አያውቅም ብዬ ብገላገለው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያውቃል። የሚያናድደውም እሱ ነው።

መርፌውን ማስቀደሙ ልክ ነው። የድሮው መርፌ አልቆ ሸክላውን እያረሰው ነበር። ሸክላዎቹ ደግሞ ተተኪ የላቸውም። አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ ማውጣት ከጀመረ አንሥቶ ካሴት ገበያውን እስኪጠቀልለው ድረስ ያለው ጊዜ ጥቂት ዓመት ነው፣ በዚያ የወጣው ከተፋቀ ተፋቀ። ልጁ የላከው ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ነው። ለሰው ኪስ የሚያስብ ዕቃ ነው፤ ነገ ገንዘብ ሲገኝ አካሉን ሳይፈቱ ጫፉን ብቻ ነቅሎ የተሻለውን መሰካት ይቻላል። እኔ ገጠምኩት። ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት 2 ግራም መሆን አለበት፤ እኛ ሚዛን ስላልነበረን ማጫወቻውን ተሸክመን ፊት ለፊት ያለው ወርቅ ቤት ገባን። የወርቅ ቤቱ ልጅ መርፌዋን ሚዛኑ ላይ ስናስቀምጣት አይቶ "ስንት ካራት ናት?" አለ። ጋሼ አልሳቁም።

ፎኖውም ልክ ነው። ከመርፌው የሚወጣው 4 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በቀጥታ የአምፕሊፋየሩ ኦክስ የሚባለው መግቢያ ላይ ሰክተውታል። ኦክስ የሚጠብቀው በመቶ የሚቆጠር ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ወጥቶ ኋላ መላው ዓለም የተቀበለው የሪያ መስመር የሚባለው ይሄ ነው፤ መልሶ የሚያስተካክለው ፎኖው ነው። ሳጥኗ መጣች፣ ገጠምናት፣ ቤዙ ከየት መጣ ሳይባል ሱቁን ሞላው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙነሽ አሁን ጥርት ብላ ትሰማለች። ጥርት ብላ ዝግ ትላለች።

ስለ ኬብሉ ባላወራ ይሻላል። ወርቅ ቅብ ነው፣ ዋጋውም ወርቅ ነው፣ የሸጥነውም እኛ ነን።

ስፒከር ላይ ስንደርስ ግን አልቻልኩም። አለቃዬ ካርቶኖቹን ከመደርደሪያው አውርዷል። ጋሼ ከኪሳቸው የታጠፈ ብር አውጥተው ምራቃቸውን በጣታቸው እየነኩ መቁጠር ጀምረዋል። "ጋሼ፣ ብሩን ትንሽ ይተዉትና ሌላ ነገር ይቁጠሩልኝ" አልኳቸው። ከፕላስተር ትንሽ ቆርጬ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩና ፍጥነቱን 45 ላይ አድርጌ አስነሣሁት። "አንድ ደቂቃ። በራስዎ ሰዓት።"

አስተማሪ ቁጠር ሲባል እምቢ አይልም። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩ። ሠላሳ ሰባት ላይ ደቂቃው ሞላ።

"ሰዓቴ ፈጥኖ ይሆናል" አሉ።

በግድግዳው ሰዓት ደገሙት። ሠላሳ ሰባት ከምናምን። ሰዓቱን አዩ፣ ሳህኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"የአሜሪካ መብራት ስንት ኸርዝ ነው?"

"60።"

"የኛስ?"

"50።"

የኬብሉን ደረሰኝ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ገለበጡት። ጀርባው ላይ 45 ሲባዛ በ50፣ ሲካፈል ለ60 ብለው ጻፉ። 37.5። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት፣ ፈተና እንደሚያርሙ ሁሉ። እኔም የቀረውን ነገርኳቸው። ይህ ሞተር የሚከተለው የመብራቱን ኸርዝ ነው፣ መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ። ትራንስፎርመር ቮልት ያወርዳል እንጂ ኸርዝ አይነካም፤ 60 ለለመደ ሞተር 50 ሲሰጡት የትልቁ ሸክላ ፍጥነት 33ቱም ከ28 በታች ይወርዳል። ዕቃው ምንም አልሆነም። ፋብሪካው ለየአገሩ የሚገጥመው ፑሊ፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ ሆና ቺንጋውን የምታዞረው ትንሽ ጎማ፣ ይለያያል፣ የኛ አገር ፑሊ ወፈር ያለ ነው፣ በቃ።

ጋሼ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። "ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?"

እስከ ዛሬ ስተኛ ትዝ የምትለኝ ይህች ናት። አለቃዬን አየሁት። አለቃዬ ካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር ማንበብ ጀመረ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። "ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቀን ነግሬዎት ነበር እኮ" አልኩ፣ በተቻለኝ ትሕትና።

"መንገርማ ነገርከኝ። ዝግ ብሏል አልክ። ዝግ ብሏል ሒሳብ ነው? ያኔውኑ አታስቆጥረኝም ነበር?"

መልስ አጣሁ። በኋላ ሻይ ላይ ሆኜ ያገኘኋቸው መልሶች ብዙ ናቸው፣ አሁን ምን ያደርጋሉ።

የቀረው የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ፑሊውን ፈትቼ ወሰድኩት፣ ባለቶርኖው በካሊፐር ለካውና ከናስ ዲያሜትሩን በ20 በመቶ አወፍሮ አወጣልኝ። መሃሉ እንደ ድሮው ትንሽ ይበጥ ብዬው ነበር፣ ያለዚያ ቺንጋው እየተንሸራተተ ይወጣል። ጠፍጣፋ አድርጎ ሰጠኝ። ገጠምኩት፣ ቺንጋው ወጣ። መልሼ ወስጄ አሠራሁት። ዋጋው ከኬብሉ አጠገብ የሚጠራ አይደለም።

ጋሼ መጡ፣ ቆጠሩ፣ 45 ሞላ። ያንኑ ሸክላ አስቀመጥንላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው "ፈጠነ" አሉ።

ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዝም ብዬ ደገምኩላቸው። ሁለተኛው ላይ በጣታቸው ባንኮኒውን መምታት ጀመሩ። ሲሄዱ ግን አሮጌውን ፑሊ ጠይቀው፣ በወረቀት አስጠቅልለው ወሰዱት። "ለትዝታ ለትዝታው ያኛው ይሻላል" አሉ። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን አላወቅሁም።

ብሩን ግን መልሰው አጥፈው ኪሳቸው ከተዋል። ስፒከር የሚባል ነገር አላነሡም። በሩን እንደዘጉት አለቃዬ ካርቶኖቹን ወደ መደርደሪያው እየመለሰ "ከገዙ በኋላ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?" አለኝ። ቢያስቡት ነውር ነው። ደመወዜ ከየት እንደሚመጣ ሳስበው ደግሞ ያን ያህልም ነውር አይደለም።

ጋሼ በመጨረሻ ስፒከሩንም ገዙ። ከታች ካለው ሱቅ ነው የገዙት፣ በጥቂት ብር ረክሶላቸው። ያወቅነው ሽቦው አጥሮባቸው እኛ ጋ ሊያስቀጥሉ ሲመጡ ነው። አለቃዬ የብየዳውን ሒሳብ ሲነግራቸው እሳቸውን አልነበረም የሚያየው፣ እኔን ነው።