የጎረቤቴ ገንዘብ የት ይቀመጥ?

ሰሞኑን ጅማ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ቡና የሚነግድ ጎረቤቴ፣ ገንዘቡን ባንክ ቢያስገባ ይሻል እንደሆነ ወይም በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቢያቆየው ጠየቀኝ። ሁለቱም ቁጠባ ተቀብለው ስለሚያበድሩ ልዩነታቸው ከወለድ መጠን ያለፈ አይመስለውም ነበር። ባንክ ግን ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ከፍቶ ቼክ ያስተናግዳል፣ ቡና ወደ ውጭ ለሚልክ ነጋዴ የውጭ ምንዛሪ ክፍያውን ያስፈጽማል፣ ከተቀበለው ተቀማጭም የተወሰነውን በብሔራዊ ባንክ እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። ማይክሮ ፋይናንስም በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ቁጠባ ይሰበስባል፤ ዋና ሥራው ግን የቤት ካርታ ማስያዝ ለማይችል ሰው፣ ብዙ ጊዜ በቡድን ዋስትና፣ አነስተኛ ብድር መስጠት ነው። (ማይክሮ ፋይናንስ የነበረው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ሲንቄ ባንክ መለወጡን ስናይ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የሚሻገሩት መሆኑን እንረዳለን።) ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባላቱ ንብረት ሲሆን፣ ተቆጣጣሪውም ብሔራዊ ባንክ ሳይሆን የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ነው። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ፣ የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ዋስትና የሚሰጠው በባንክና በማይክሮ ፋይናንስ ላለ ቁጠባ መሆኑ ነው። እቁብማ ከዳኛውና ከዋሱ በቀር ሌላ መድን የለውም፤ ጎረቤቴ ግን እሱን እንደማይተው ከወዲሁ ነግሮኛል።