3 ዶላር ከ1 ሳንቲም

ዛሬ አንድ ስብሰባ ልዘግብ ሄጄ፣ እንደተለመደው ከማይክሮፎኑ ክምር መሃል የኔንም ሰካሁ። ሁላችንም ያው አንድ ዓይነት ዜና ይዘን ወጣን። ታክሲ ውስጥ ጂሚ ብሬስሊን ትዝ አለኝ።

የኒውዮርክ ጋዜጠኛ ነበር፤ የኩዊንስ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲቀበሩ ዋሽንግተን በጋዜጠኛ ተጥለቅልቃለች። እሱ ግን ፕሬዚዳንቱ የሚቀበሩበት አርሊንግተን መካነ መቃብር ሄዶ መቃብሩን የቆፈረውን ሠራተኛ አነጋገረ። ክሊፍተን ፖላርድ ይባላል። በሰዓት የሚከፈለው 3 ዶላር ከ1 ሳንቲም። እቺ አንድ ሳንቲም ናት የምትገድለኝ! እኔ ብሆን «3 ዶላር ገደማ» ብዬ አልፋት ነበር።

ብሬስሊን መኪና መንዳት እንኳን አይችልም ነበር። ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ነው ወሬ የለቀመው። ልቦለድም የሕይወት ታሪክም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1986 ፑሊትዘር የተባለውን ታዋቂ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በ88 ዓመቱ አረፈ።

ማታ ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩት። ንግግር ብቻ! አዳራሹ በር ላይ ከጠዋት ጀምራ ለዚያ ሁሉ ሰው ቡና ስትቀዳ የዋለችውን ልጅ ስሟን እንኳን አልጠየቅኋትም። ሁለት ስኒ ጠጥቻለሁ ደግሞ።

ስብሰባው ነገም ይቀጥላል። በጠዋት እሄዳለሁ።