እንቢ ያለው ዘለበት

«ቀበቶውን በመታጠቁ ሕይወቱን ያተረፈ ኦፕሬተር» እየተባልሁ በማለዳው የደኅንነት ስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ ከሠራተኛው ፊት ቆሜ ተናግሬአለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ተጨብጭቦልኛል። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም፤ ያስቀረሁት ነገር ግን ነበረ።

ነገሩ የደረሰው ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መንዝ በሚገባው መንገድ፣ በታኅሣሥ ወር ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ በዚያ ወር ሌሊቱን አመዳይ ይጥላል። የምነዳው ከፊቱ የብረት ድራም፣ ከኋላው ሁለት ጎማ ያለው የ12 ቶን የመንገድ መጠቅጠቂያ ሮለር ሲሆን፣ ካቢን የለውም፤ ያለው ጣራና ማሽኑ ቢገለበጥ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚከላከል ምሰሶ ብቻ ነው። በዚያ ብርድ የሃይድሮሊክ ዘይት ስለሚወፍር ማሽኑ ለማንሻውም ለመሪውም ዘግይቶ ነው የሚታዘዘው፤ ስለዚህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ሞተሩን አስነሥቼ አሞቀዋለሁ።

በዚያ ዕለት ፎርማኑ በደኅንነት ሰደርያው ላይ የመንዝ በርኖሱን ደርቦ መጣ።

«ይህን ሁሉ ናፍጣ ለማን ብለህ ነው የምታጨሰው?»

«ጋሼ፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ነው። ደግሞ ትናንት ማታ ቦቴው ውኃ የረጨው ቁልቁለቱ ላይ ስለሆነ፣ ትንሽ ፀሐይ ቢያገኘው መልካም ነበር።»

«ፀሐይን ማን ቀጠራት? ግሬደሩ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ አንተ ገና እሳት ትሞቃለህ!»

ረዳቴ ሳቀ። ውኃውን በማታ ያስረጨው ጊዜ ለማትረፍ ሲል ራሱ ፎርማኑ ነበር፤ ገረጋንቲ ተገቢውን እርጥበት ካላገኘ እንደማይጠቀጠቅ እኔም አውቃለሁና በዚያ አልተከራከርሁም። የቆረቆረችኝ «እሳት ትሞቃለህ» የምትለዋ ቃል ናት። በመንዝ ብርድ፣ ባና ባነጠፍሁበት ወንበር ላይ፣ ነፋሱ ከአራቱም ማዕዘን እየገረፈኝ ለምውለው ለእኔ ይህ መባሉ ከስድብ ሁሉ የባሰ ሆኖ ታየኝ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ምን ባመጣ ነበር እያልሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ንዴቴን ወደ ማሽኑ አወረድሁት።

ከማንሻው አጠገብ የኤሊና የጥንቸል ሥዕል ያለበት ማዞሪያ አለ። ኤሊው ለመጠቅጠቂያና ለቁልቁለት፣ ጥንቸሉ ለሜዳ ጉዞ ነው። ለስምንት ዓመት በእጄ ያለፈውን ረዳት ሁሉ «ቁልቁለት ላይ ጥንቸል የለም» እያልሁ ያስተማርሁ ሰው፣ በዚያች ጠዋት ማዞሪያውን ወደ ጥንቸሉ መለስሁት፤ መሬቱን እንዲጠቀጥቅ ድራሙን የሚያንቀጠቅጠውን ንዝረትም ከፈትሁ።

ማታ ሁለት ዙር ተጠቅጥቆ፣ ውኃ ጠጥቶ ያደረው ገረጋንቲ ጥላ ባለበት በኩል ነጭ እንደ ሆነ ነበር። ብረት እንዲህ ባለው መሬት ላይ አይነክስም፤ ንዝረት ሲጨመርበት ደግሞ የነበረችውንም መያዣ ያጣል። ማሽኑ ወደ ግራ፣ ወደ ሙሌቱ ጠርዝ መሄድ ሲጀምር ማንሻውን ወደ መሐል መለስሁ፤ ሮለር የሚቆመው እንዲሁ ነውና። ድራሙ መዞሩን አቆመ፣ መንሸራተቱን ግን አላቆመም።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ዘለበቱ ላይ ደረሰ። ልዘል ነበር፤ ለዚያውም በገደሉ በኩል። ዘለበቱ ግን እንቢ አለ። ከክረምቱ ዝናብና ከአቧራው የተነሣ ዝጎ፣ ከመስከረም ጀምሮ ይቀየርልኝ ብዬ ለጋራዡ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ያመለከትሁበት፣ ማታ ማታ ረዳቴ በፒንሳ እየመታ የሚከፍትልኝ ዘለበት ነው። እየጎተትሁት፣ እየሰደብሁትም ሳለ ድራሙ ያልተጠቀጠቀውን ጠርዝ ሰብሮ ገባ፤ ማሽኑም ወደ ግራ ጋደል ብሎ፣ ገልባጩ በዋዜማው አራግፎት በሄደው የገረጋንቲ ክምር ላይ ተደገፈና ቆመ። ልዘልበት ያሰብሁትን ስፍራ ቁልቁል አየሁት። በማሽኑ ጎንና በክምሩ መካከል አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

ፎርማኑ በርኖሱን ከመንገድ ጥሎ እየሮጠ ደረሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቀበቶህን አልፈታህም?»

«አልፈታሁም።»

«ደግ አደረግህ፣ ልጄ! ደግ አደረግህ!»

ረዳቴ ፒንሳውን እንደ ያዘ እኔንም እሱንም እያፈራረቀ ተመለከተን፤ በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀም።

ሪፖርቱን የጻፈው ፎርማኑ ነው። የማታው ውኃ በዚያ ውስጥ የለም፤ አመዳዩም፣ ሳይሞቅ የተነሣው ማሽንም የሉም። ያለው «መሬቱ በድንገት ከዳ፤ ኦፕሬተሩ ደንቡን አክብሮ ታጥቆ በመገኘቱ ተረፈ» የሚል ነው። ጥንቸሉም አልተጻፈም፤ ይህን በመተዉ አልተቃወምሁም፣ እሱም ስለ ናፍጣ ዳግመኛ አላነሣም። በስብሰባው ላይ የምናገረው፣ ምሰሶ ያለው ማሽን ሲጋደል ታጥቆ መሪውን ይዞ መቀመጥ እንጂ መዝለል እንደማይገባ፣ የዘለለውን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጫነው የገዛ ማሽኑ እንደ ሆነ ነው። ይህን ደንብ በዚያች ጠዋትም በቃሌ አውቀው ነበር።

በሳምንቱ ጋራዡ ከመስከረም ጀምሮ የለመንሁትን ዘለበት እንደ ሽልማት አድርጎ ገጠመልኝ። አዲሱ በአውራ ጣት ነካ ሲያደርጉት የሚከፈት ስለሆነ፣ ቁልቁለት ስወርድ ግራ እጄ ከመሪው እንዳይነሣ እስከ ዛሬ እጠብቀዋለሁ።