ስታቹ ገዝቶ አትርፎ መሸጥ? እስቲ እናውራ

ቤቴ የመጣ ሰው መደርደሪያው ላይ ያሉትን የኮሚክ ጀግኖች ስታቹ፣ ማለትም ሐውልቶች፣ ያይና ዋጋቸውን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዛ "በዚህ ሁሉ አሻንጉሊት መኪና አትገዛበትም ነበር?" ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ግን ሲሸጥ ያተርፋል አይደል?" ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው አያተርፍም ወንድሜ። ለምን እንደሆነ አንዴ እዚህ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ጠያቂ ሊንኩን ልኬ ልገላገል።

የማወራው ስለ ትልልቆቹ ነው፣ የካሊፎርኒያው ሳይድሾው፣ የቶኪዮው ፕራይም ዋን፣ የሲንጋፖሩ ኤክስ ኤም የሚያወጧቸው፣ በ1/4 ወይ በ1/3 ስኬል፣ ማለትም የገጸ ባህሪውን ቁመት ሩብ ወይ ሲሶ አድርገው የተሰሩ ባትማን ዎልቨሪን ምናምን። ፖሊስቶን የሚባል ሬዚን ከድንጋይ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነገር ነው፣ ክብደቱ የድንጋይ ስብራቱ የሲኒ። አዲሱን ልግዛ ካልክ ዛሬ ከ600 ዶላር አካባቢ ተነስቶ ሺዎች ውስጥ ይገባል።

ሰው ግራ የሚገባው ኮሚክ መጽሔቱንና ስታቹውን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ይመስለኛል። ሱፐርማን መጀመሪያ የወጣበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 በ1938 በ10 ሴንት ነበር የሚሸጠው፣ በ2024 አንድ ቅጂ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፣ ይሄን የሰማ ሁሉ የኔም ሱፐርማን ይጠብቀኛል ብሎ ያስባል። ግን እኮ ያ ዋጋ የመጣው ማንም ስላላስቀመጠው ነው! ልጆች አንብበው ቀዳደዱት፣ እናቶች ቤት ሲያጸዱ ጣሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሮጌ ወረቀት ሲሰበሰብ አብሮ ሄደ። ስታቹ የሚገዛው ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ካርቶኑን እንኳን አይጥልም ጋራዥ ውስጥ ይደረድረዋል፣ ስለዚህ 1000 ከተሰራ ከ20 ዓመት በኋላም ከሞላ ጎደል 1000 አለ። ሊሚትድ ኤዲሽን ነው ይሉሃል፣ እሺ፣ ቁጥሩን የሚወስነው ማነው? ብዙ ጊዜ ፕሪኦርደር፣ ማለትም ሳይሰራ ቀድሞ ማዘዝ፣ ሲከፈት ስንት እንደሚሰራ ገና አልታወቀም ይሉሃል፣ ስንት ሰው እንዳዘዘ ካዩ በኋላ ነው ቁጥሩ የሚመጣው። ትንንሾቹን አሻንጉሊቶች የሚሰራው ፋንኮ የሚባል ካምፓኒማ ጭራሽ በ2023 መጋዘኑ ሞልቶበት ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ሊጥል እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

ዋጋ የሚገድለው ትልቁ ነገር ግን ድጋሚ መሰራት ነው። የፊልም ገጸ ባህሪያትን አሻንጉሊት የሚሰራው የሆንግ ኮንጉ ሆት ቶይስ ማርክ 3 የሚባለውን የአይረን ማን ልብስ መጀመሪያ በፕላስቲክ አወጣው፣ ሰው ተሻምቶ ገዛ፣ በኋላ ያንኑ ማርክ 3 ብረት ያለበት ዳይካስት አድርጎ መልሶ አመጣው። አዲሱ ከመጣ አሮጌውን ማን በድሮው ዋጋ ይገዛሃል? ድሮ በእጅ ይቀረጽ የነበረው አሁን በኮምፒውተር ስለሚቀረጽ ፊቱ በየዓመቱ ሰው እየመሰለ ነው የሚመጣው፣ የ10 ዓመቱ አጠገቡ ሲቆም ያሳፍራል። ለዚህ ነው ስፓይደርማንና ባትማን ቶሎ ይሸጣሉ ግን ዋጋ አይዙም የምለው፣ ሁሉም ካምፓኒ ይሰራቸዋላ።

ዋጋ የሚይዘው ማንም ደፍሮ የማይደግመው ነው። ፖርትላንድ የነበረው የራንዲ ቦወን ካምፓኒ፣ ቦወን ዲዛይንስ፣ እንደ ማን ቲንግና ሞዶክ ያሉ፣ ፊልም ብቻ የሚያይ ሰው ስማቸውን እንኳን የማያውቃቸውን የማርቭል ገጸ ባህሪያት ይሰራ ነበር፣ የማርቭል ሥራው ሲቆም እነሱም አብረው ቆሙ። የቦወንን ሙሉ ስብስብ መያዝ የሚፈልግ ሰው የጎደለችውን አንዷን ሲያገኝ ብዙ አይከራከርም። ግን እነዚህም ቢሆኑ ገዢያቸው ትንሽ ነው፣ ወራት ልትጠብቅ ትችላለህ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ኢቤይ ላይ "የኔው ስታቹ 1200 ተብሎ ተለጥፏል" ብሎ የሚደሰት ሰው አለ፣ እሱ ሻጩ የተመኘው ነው፣ ፊልተሩ ውስጥ ገብተህ የተሸጡትን ብቻ እይ፣ 650 ልታገኝ ትችላለህ። በ600 ገዝተኸው 650 ሸጥከው እንበል፣ ኢቤይ 13 በመቶ አካባቢ ይወስዳል፣ ያውም ከሺፒንጉና ከታክሱ ጭምር አስቦ ነው፣ በትንሹ 85 ዶላር ሄደ፣ ሺፒንጉን አንተ ከቻልክ ለዚህ ግዙፍ ካርቶን 80 ጨምርበት፣ እጅህ ላይ የሚቀረው 485። አተረፍኩ ያልከው 115 ከሰረ ማለት ነው፣ መንገድ ላይ የስታቹው እጅ ተሰብሮ ገዢው ሪፈንድ ካልጠየቀ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ በ550 ካሽ መጥቶ ለሚወስድ ሰው ብሰጥ ይሻለኛል። (አዲስ አበባ ያላችሁ "ሰው ሲመጣ ላክልኝ" የምትሉኝ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ካርቶኑ ብቻውን የመንገደኛውን ሻንጣ ሁለት ያህላል፣ 23 ኪሎ ለቤተሰቡ ዕቃም አልበቃው።)

ሌላው ካርቶን ነው። ውጪው ቡናማው፣ ውስጡ ስዕል ያለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስታቹው እንዳይሰበር የሚቀመጥበት ፎሙ። ፎም የሌለው ስታቹ በፖስታ አይላክም፣ ስለዚህ ገዢህ የሰፈርህ ሰው ብቻ ይሆናል። ኤክስክሉሲቭ የሚባለው፣ ተጨማሪ ነገር ያለው ዓይነት ከሆነ ተጨማሪው ጭንቅላት ወይ እጅ መኖሩን አረጋግጥ፣ የተለጠፈ ስብራት ካለ በፎቶ አሳይ፣ ይታወቃል እኮ። ያልተከፈተ ነው ብለህም አትኩራ፣ የሆት ቶይስ ልብስ አርቲፊሻል ሌዘር ከሆነ ካርቶኑ ውስጥ እንደተዘጋ ይላጣል፣ መብራት ያለው ከሆነም ባትሪውን አውጣ፣ ፈሶ ያበላሸዋል። ደግሞ መጀመሪያ ስትከፍተው ፎሙን በየደረጃው ፎቶ አንሳ፣ ከዓመታት በኋላ ልትሸጠው ስትል የቱ ቀዳዳ የክንዱ የቱ የካባው እንደነበር አታስታውስም፣ በግድ ስታስገባው ደግሞ ጣቱ ነው መጀመሪያ የሚሰበረው።