ድሬ ላይ ጥላ እየለካሁ ነው

ሰላም የጡረታ ጓደኞቼ! «እዚያ ሙቀት ውስጥ ቀኑን በምን ትገፋዋለህ?» ላላችሁኝ ሁሉ መልስ ይዣለሁ። ከመስከረም ወዲህ ቀን ቀን ጥላ እለካለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከዋክብት እማራለሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ድሬ የኖረ ያውቀዋል፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ሰው ከጥላ አይወጣም። ባጃጁ ዛፍ ሥር ይቆማል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ በረንዳ ላይ ጋደም ይላል፣ ከተማው ዝም ይላል። ምድር ባቡር እሠራ በነበረበት ዘመን ይህ ሰዓት አልገፋ ይለኝ ነበር። አሁን በጉጉት የምጠብቀው ሰዓት ሆኗል።

ዕቃው ቀላል ነው። አንድ ሜትር ፌሮ፣ ፌሮውን የሚያቆም ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ፣ ቱንቢ፣ ጠመኔና ሜትር። ሶሌታ ጣሪያ ያለው እዚያ ላይ፣ የሌለው የተለሰነ ግቢ ላይ ያቁመው። ዋናው ነገር ፌሮው በቱንቢ ተለክቶ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ከዚያ ከ6 ሰዓት በፊትና በኋላ በየጥቂት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ነጥብ ማድረግ ነው። ከሁሉም አጭሩ ጥላ እኩለ ቀንን ይነግራችኋል፤ የተኛበትም መስመር ልክ ሰሜንና ደቡብ ነው። ኮምፓስ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የእኛ እኩለ ቀን 6 ሰዓት ላይ አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው 45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። ድሬዳዋ 42 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ላይ ናት፤ ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ በሚያዝያ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ12 ወይም ከ13 ደቂቃ ሲሆን ነው። ዕድሜ ልኩን ባቡር በሰዓቱ ለማስነሳት ለደከመ ሰው ይህን በገዛ ግቢው ማየት ትልቅ ደስታ ነው።

ልኬቱ እንዲህ ሄደ። መስከረም አጋማሽ ሊደርስ ሲል የአንድ ሜትሩ ፌሮ ጥላ 17 ሴንቲ ግድም ነበር፣ ወደ ሰሜን። በየሳምንቱ እየረዘመ ታኅሣሥ 13 ላይ 65 ሴንቲ ደረሰ። ከዚያ ተመልሶ ማጠር ጀመረ፤ መጋቢት 11 እንደገና 17። ሚያዝያ 6 ደግሞ ጥላው ጠፋ። ስለዚህ ቀን ትንሽ ላውራ። የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጠራኋቸውና ፌሮውን ከበብነው። ጥላው እንደ ጣት ጥፍር ሆነ፣ ከዚያ ከፌሮው ሥር ገብቶ አለቀ። የጣሳው ጥላ እንኳ ዙሪያውን አልወጣም። አንዷ ልጅ እጇን ዘርግታ ቆመችና የእጇን ጥላ ከእጇ ልክ ሥር መሬት ላይ አየችው፤ ከዚያ ሁሉም እየዘለሉ የራሳቸውን ጥላ ሊረግጡ ሞከሩ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ በላያችን ታልፋለች፣ ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 22 ግድም።

በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል የቀትር ፀሐይ ከሰሜን ነው የምትመጣው፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይዞራል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወንበሬና የሎሚ ችግኜ ያለበት ጣሳ ቦታ ቀይረዋል። በበጋ ሰሜን በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከሚያዝያ በኋላ ወደ ደቡቡ እዞራለሁ። በልብሴ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ እንኳ ቀንሷል። ይህን ለማወቅ ለምን ጡረታ እስክወጣ እንደቆየሁ እንጃ፤ ብቻ አሁን አውቄዋለሁ።

ጧት ጧት የእግር ጉዞዬ አልቀረም። ፀሐይ ሳትበረታ ከዚራ በዛፎቹ ሥር አልፌ እስከ ለገሃር እሄዳለሁ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተወጠነ ሰፈር ስለሆነ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የዛፎቹ ጥላ የቱ ጋ እንደሚወድቅ አሁን በቃሌ እነግራችኋለሁ። ቅመም ያለው ሻይና ፈጢራ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ማታው ደግሞ የራሱ ነው። ግቢው ውሃ ይረጫል፣ የአቧራው ሽታ ይነሳል፣ ከዚያ ሶሌታው ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። ለከዋክብት ድሬ እንዴት እንደምትመች ልንገራችሁ፤ ሰሜናችን እስከ ዓይን መጨረሻ ሜዳ ነው፣ ደቡባችን ወደ ደንገጎ የሚወጣው ተራራ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታየው እንደ ቦታው ዲግሪ ነውና እኛ ጋ ዝቅ ያለ ነው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ብትጨብጡ አንድ ጡጫ ያህል። አቧራ ያለበት ማታ አይገኝም። በግንቦት ምሽት 3 ሰዓት ላይ ታላቁ ድብ ከሚባለው ጭልፋ መሳይ የከዋክብት ስብስብ፣ ከጎድጓዳው ጫፍ ያሉትን ሁለት ከዋክብት ተከትላችሁ ታገኙታላችሁ። ፊታችሁን ስታዞሩ በዚያው ሰዓት የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ በተራራው በኩል ከአድማስ ሁለት ጡጫ ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። ሁለቱን በአንድ ምሽት ከአንድ ፍራሽ ላይ ማየት! አውሮፓ ያሉ ልጆቻችን የደቡቡን አያዩትም።

የደቡብ መስቀልን ለይቼ እንዳየው የረዱኝ ሱማሌ ጎረቤቴ ናቸው፤ በልጅነታቸው ግመል ጠብቀዋል። «አቦ፣ ሁለቱን ብሩህ ከዋክብት ከጎኑ ፈልግ» አሉኝ፤ ወዲያው አገኘሁት። አሁን አብረን እንወጣለን፤ ቴርሞስ ሻዩን እሳቸው ይዘው ይመጣሉ።

ከሐምሌ ጀምሮ ደመና ይበዛል። ያን ጊዜ ዓይኔ ተራራው ላይ ነው የሚሆነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ የዘነበው በደቻቱ ወንዝ ሊመጣ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ወስዶብናል። የማታ ሰማይ ማየት የለመደ ሰው ተራራው ላይ መብረቅ ሲደጋገም ቶሎ ያያል፤ ወንዙ ዳር ላሉት ደውሉላቸው።

ቀጣዩ ልኬቴ ሰኔ 14 ነው፤ ጥላው ወደ ደቡብ 25 ሴንቲ ግድም ይሆናል ብዬ አስልቻለሁ። ሐረር ያላችሁ በዚያው ቀን በአንድ ሜትር ዘንግ ለክታችሁ ላኩልኝ። እናንተ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆናችሁ ጥላችሁ ከእኛው በጥቂት ሚሊ መርዘም አለበት፤ በሜትር ይያዝ ይሆን ወይ የሚለውን አብረን እናያለን። ቱንቢ የሌለው ክር ላይ ዳዶ አስሮ ይጠቀም።