ከድሬዳዋ የሚላክ የመጽሐፍ ፋይል

ረቂቁ ሲያልቅ ብዙ ጀማሪ ደራሲ ቀሪውን ለማተሚያ ቤቱ ይተወዋል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ብቅ ብሎ ስህተቱን ሊያሳርም ይችላል። ከድሬዳዋ ከዚራ ወይም ከሐረር ጀጎል ሆኖ ለሚልክ ግን ፋይሉ ያለ አስረጂ የሚታተም መሆን አለበት።

ከፊደሉ ይጀምሩ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ውጥንቅጥ ይሆናል፤ ምክንያቱም ኮዱ የላቲን ነው፣ ግዕዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ የራሱ ቦታ ስላለው ገጹ ሳይቀናበር ሁሉንም ወደዚያ ይቀይሩ። ከዚያ እንደገና ያንብቡት፤ መቀየሪያው ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥብን ሊያዛባ ይችላል።

የስም አጻጻፍ ደግሞ የዚህ አገር ጸሐፊ ልዩ ጣጣ ነው። ድሬዳዋ፣ ድሬ ዳዋ፣ ድሬደዋ፤ ሐረር፣ ሀረር፤ ጀጎል፣ ጁገል። የትኛውንም ይምረጡ፣ ግን አንዱን ብቻ። የመረጡትን በአንድ ገጽ ጽፈው ለአርታኢውም ለገጽ አቀናባሪውም ይስጡ። ሲያርሙ ሁሉንም ዓይነት ለየብቻ ይፈልጉ፤ ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ «ሐረር» ብለው ሲፈልጉ «ሀረር»ን አያወጣልዎትም።

የገጽ ብዛት እንደ ልብ አይሆንም። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠፈው በ16 ገጽ (አንድ እጥፍ የሚባለው ይህ ነው) ስለሆነ 200 ገጽ አስራ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ወይ ወደ 192 ያሳጥሩ፣ ወይ ወደ 208 ያሳድጉ። ዋጋ የሚጠይቁት ይህን ከወሰኑ በኋላ ነው።

ሽፋኑ ላይ የሚበላሸው ጀርባው፣ ማለትም ቅጠሎቹ የሚጣበቁበት ጠባቡ ጎን፣ ነው። 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ 208 ገጽ 104 ቅጠል ስለሆነ ጀርባው 10 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በግምት 7 ብሎ የሠራ ሰው የሽፋኑ ጠርዝ ወደ ጀርባው ይገባበታል። ወረቀት ሲቀየር ውፍረቱም ስለሚቀየር ትክክለኛውን ልክ ከማተሚያ ቤቱ ይጠይቁ። በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ ይጨምሩ። ኤ5 ገጽ ለሚሞላ ፎቶ መቁረጫውን ሳይጨምር ቢያንስ 1748 በ2480 ፒክሰል ያስፈልጋል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላኩት ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ይላኩት።

መለያ ቁጥሩን፣ አይኤስቢኤን የሚባለውን፣ ከወመዘክር፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቀደም ብለው ያውጡ፤ ሽፋኑ ከታተመ በኋላ ስቲከር መለጠፍ ያሳፍራል።

የማጓጓዣውንም ሒሳብ አይርሱ። ከላይ ያልነው መጽሐፍ በኤ5 አንዱ 275 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሺህ ቅጂ 275 ኪሎ ነው። በካርቶን ከ50 በላይ አያስጭኑ፤ 14 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን አንድ ሰው ያነሳዋል፣ የታችኛውም አይጨፈለቅም።

ቀሪውን ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት አዲስ አበባ ያለ ሰው ከየካርቶኑ ሁለት ሁለት ቅጂ ይክፈትልዎ። መሃሉን ገልጦ አንድ ቅጠል ይሳብ፤ ከተነቀለ ሙጫው አልያዘም። ገጽ 16ን ከ17፣ 32ን ከ33 ያስተያይ፤ የተደገመ ወይም የተገለበጠ እጥፍ የሚታየው እዚያ ነው። ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ ካርቶኑን የቆመ መኪና ውስጥ አያሳድሩ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም አይከምሩት። በሙቀት የተጣበቀ ሙጫ በሙቀት ይላላል።